ረግረጉ በየትኛው ሕግ ሥር ነው? በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተደፋ ገረጋንቲ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በምትገኝ አንዲት ረግረጋማ ቁራሽ መሬት ላይ የተነሣን አቤቱታ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አሁን እስካለበት ደረጃ ይዘግባል። እኔ የገባሁበት በሕግ ባለሙያነት ነው። አብረውኝ የሠሩት ጥቂት ዓሣ አጥማጆች፣ አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርትና አንድ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ለማናችንም ክፍያ አልነበረውም። የሰዎቹን፣ የመሥሪያ ቤቶቹንም ሆነ የቀበሌውን ስም አልጠቅስም። አብዛኞቹ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው፤ ጉዳዩም ገና አልተዘጋም።

ልጽፈው የተነሣሁት በየስብሰባው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ስለሚነሣ ነው፦ «ይህን የሚከለክል ሕግ የለም እንዴ?» ሕግ አለ፤ እንዲያውም ብዙ ነው። እኛን ወራት ያስከፈለን የትኛው ሕግ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚነበብ አለማወቃችን ነበር።

ቦታው

የሐዋሳ ሐይቅ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በስፋት ትንሽ ከሚባሉት ነው፤ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ጠባዩ መውጫ ወንዝ የሌለው መሆኑ ነው። በምሥራቅ ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱት ወንዞች ጨለለቃ ረግረግ ውስጥ ይገባሉ፤ ከጨለለቃ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይነሣና ሐይቁ ውስጥ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ ውሃው ወይ ይተናል፣ ወይ ወደ መሬት ይሰርጋል። ይዞት የመጣው ደለል፣ ማዳበሪያና የከተማ እጣቢ ግን እዚያው ይቀራል።

ለዚህ ነው ዳር ዳሩን የበቀለው ፊላና ቄጠማ ትልቅ ነገር የሚሆነው። ሐይቁ ያለው ማጥለያ እሱ ብቻ ነው። ደለሉ ሥሩ ላይ ተይዞ ይቀራል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ጎጆውን ይሠራል፤ ጫጩቱም ከትልልቁ ዓሣና ከወፍ የሚሸሸገው እዚያው ነው። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ትኩስ የዓሣ ሾርባ የሚጠጣ ሰው ዓሣው ከሐይቁ መሐል የመጣ ይመስለዋል። አጥማጆቹ ግን «ሐይቁን የሚያሳድገው ዳሩ ነው» ይላሉ፤ መምህርቷም ይህንኑ በራሷ ቋንቋ አስረዳችን።

ጨለለቃ ምን ያህል እንደተለወጠ የሐዋሳ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ክፍት ውሃ የነበረበት ስፍራ ዛሬ አብዛኛው ረግረግና የግጦሽ ሣር ነው። በላይኛው ተፋሰስ ተራራው ሲራቆት አፈሩ ወርዶ ሞላው። ስለዚህ በከተማው በኩል የቀረችው እያንዳንዷ የፊላ ቁራሽ ድርብ ሥራ ተጭኖባታል።

የእኛዋ ቁራሽ ከሐይቁ ጋር በቀጭን ውሃ የምትገናኝ ጨፌ ናት። በመስከረምና በጥቅምት ውሃ ይተኛባታል፤ በጋው ሲበረታ ከፊሏ ይደርቅና ከብት ይሰማራባታል። ሴቶች ለበዓል ዋዜማ ቄጠማ የሚያጭዱትም ከዚያ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በቆሙበት አንቀላፍተው የሚውሉባት፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣባት ስፍራ ናት።

ችግሩ

በታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ሲኖ ትራኮች ገረጋንቲና የሕንፃ ፍርስራሽ እያመጡ በጨፌው ጫፍ መድፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ያዩት ሌሊት መረብ ጥለው ንጋት ላይ የሚመለሱት አጥማጆች ናቸው። ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ቀበሌው ወደ ክፍለ ከተማ ላካቸው፤ ክፍለ ከተማው «አልሚው ሕጋዊ ሰነድ አለው» አላቸው።

እውነትም ነበረው። ይህን በግልጽ መጻፍ አለብኝ፤ አልሚው ወሮበላ አልነበረም። መሬቱን በሊዝ ወስዷል፣ ክፍያ ፈጽሟል፣ የመናፈሻና የካፍቴሪያ ፕላን አስጸድቋል። በፕላኑ ላይ የሐይቁ ዳርቻ ተብሎ የተሠመረው መሥመር ከጨፌው ወዲያ ማዶ ስለነበር፣ በወረቀቱ መሠረት እሱ የሚሞላው ረግረግ ሳይሆን «ክፍት ደረቅ መሬት» ነው።

መሥመሩ እንዴት እዚያ ሊደርስ ቻለ? መልሱን ያገኙት ቀያሹ ናቸው። የልኬቱን ቀን ከሰነዱ ግርጌ አነበቡና ዝም አሉ። ልኬቱ የተወሰደው በበጋው ማብቂያ፣ ሐይቁ በሸሸበት ወቅት ነው። በጥቅምት ቢለካ ኖሮ መሥመሩ ከሊዙ ቦታ ግማሹን ያካትት ነበር። ሐሰት የጻፈ ሰው አላገኘንም፤ ሐይቁን በማይሆን ወር የለካ ሰው ግን አገኘን።

ሐይቁ ከፍና ዝቅ እንደሚል ሐዋሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውሃው ሞልቶ ከተማውን ስላሰጋ ነው ዛሬ ሰው በማታ የሚንሸራሸርበት የአፈር ግድብ የተሠራው። ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ከፍ ብሏል። ያን ሁሉ ያየች ከተማ የዳርቻውን መሥመር በአንድ የበጋ ቀን መወሰኗ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሕጎቹን ስናገላብጥ

ሥራ የጀመርነው ሕጎቹን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ በመዘርጋት ነው። በእያንዳንዱ ሕግ ላይ ሦስት ጥያቄ አነሣን፦ ይህን መሬት ይመለከታል ወይ? ሥልጣኑን ለማን ሰጠ? እኛስ በእሱ ምን መጠየቅ እንችላለን?

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ማንኛውም የልማት እርምጃ የአካባቢውን ደኅንነት የማያናጋ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱንም በአቤቱታችን መግቢያ ላይ አስፍረናቸዋል፤ ነገር ግን ሲኖውን በማግስቱ የሚያስቆም ጽሕፈት ቤት አልጠቆሙንም።

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ስለ ውሃ ዳርቻዎች ይናገራል። ተቆጣጣሪው አካል የዳርቻውን ወሰን እንዲያካልል፣ በዚያ ወሰን ውስጥ ዕፅዋት መመንጠርንና ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። አንብበን ደስ አለን፤ ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። አዋጁ የሚሠራው ወሰኑ መሬት ላይ ሲካለል ነው፤ በእኛ ጨፌ ዙሪያ ደግሞ አንድም ችካል አልነበረም።

በጣም ያስገረመን የገጠር መሬቱ ሕግ ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 (ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል) በገጠር ረግረጋማ ቦታ ያለው ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅና አጠቃቀሙ በዕቅድ እንዲሆን በስም ጠርቶ ያዝዛል። የእኛ ጨፌም በአንድ ወቅት በገጠር ቀበሌ ሥር ነበረች። ከተማው ሲሰፋ ወደ ከተማ ክልል ገባች፤ በዚያው ቀን ከገጠር መሬት ሕግ ወጥታ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሥር ወደቀች። የሊዝ አዋጁ ስለ ጨረታ፣ ስለ ምደባ፣ ስለ ክፍያና ስለ ግንባታ ጊዜ በዝርዝር ያወራል፤ ዋና ጉዳዩም እሱ ነው። ማለትም የከተማው ወሰን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲሄድ ረግረጉ በስም የሚጠራውን ሕግ አጣ። ፊላው አልተንቀሳቀሰም፤ ውሃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ካርታው ነው። በሌሎች እየሰፉ ባሉ ከተሞቻችንም ይኸው ሳይሆን አይቀርምና ይህን ነጥብ ማንም የአካባቢ ሕግ የሚመረምር ሰው ቀድሞ ቢያየው እመክራለሁ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አጥማጆቹ ብዙ ተስፋ አድርገውበት ነበር። ሳነብላቸው ግን አዋጁ ይበልጡን የሚያተኩረው በአጥማጁና በመረቡ ላይ ሆኖ አገኘነው። «ታዲያ ዓሣው የሚፈለፈልበትን ቦታ የሚሞላውስ ሰው?» ብለው ጠየቁኝ። የሚያጠግብ መልስ አልነበረኝም።

የቀሩት በ1995 በተከታታይ ቁጥር የወጡት ሁለት አዋጆች ናቸው፤ ጉዳዩ የተንቀሳቀሰውም በእነሱ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል። ይበልጥ የጠቀመን ግን የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ራሱ፣ ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ይህ መሟላቱን እንዲያረጋግጥ ግዴታ የሚጥልበት ድንጋጌው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚለው ሰው ላይ ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የሥልጣን ጥያቄም ነበረ። ሐይቁና ተፋሰሱ በሲዳማና በኦሮሚያ ክልሎች የሚጋሩ ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰን ሥልጣን የፌዴራሉ ነው፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው ደግሞ ክልሉ ነው። በዚያ ላይ የሲዳማ ክልል በሰኔ 2012 ሲመሠረት፣ ቀድሞ የነበረው ክልል ያወጣቸው ደንቦች እንዴት ይቀጥላሉ የሚለው ጥያቄ ብዙ ስብሰባ በላ። እኛ ከዚህ ክርክር ራሳችንን አገለልን። 299 እና 300 የፌዴራል አዋጆች ስለሆኑ በየትኛውም ክልል ይሠራሉ፤ በእነሱ ጸናን።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃችን ስሕተት ነበር። በጥር ማብቂያ አቤቱታችንን ያስገባነው መሬት ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሊዙን የሰጠው እሱ ነውና ማቆምም የሚችለው እሱ ነው ብለን። እዚያ የተቀበለን ሰው የጠየቀን ጥያቄ «የይዞታ ማረጋገጫ አላችሁ? የተነካባችሁ መብት ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ ጉዳዩ እንደማይመለከተው በደብዳቤ አሳወቀን። በአምስቱ ሳምንት ሙሌቱ ከ60 እርምጃ ወደ 120 እርምጃ አደገ። አንቀጽ 11 አቤቱታው የሚቀርበው ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ነው ይላል፤ ለሌላ ቢሮ የሄደ ወረቀት 30 ቀኑን አያስቆጥርም። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ ነበርና አንቀጹን እስከ ታች አላነበብሁትም።

ሁለተኛውን አቤቱታ በመጋቢት ለትክክለኛው መሥሪያ ቤት አስገባን። ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ከጀርባው የአንቀጹን ፎቶ ኮፒ፣ ቀን ያለባቸው ፎቶዎች፣ የቀያሹን ንድፍና የ31 ነዋሪዎች ፊርማ አያይዘናል። መዝገብ ቤቷ ማኅተም መትታ የገቢ ቁጥሩን በእኛ ቅጂ ላይ እስክትጽፍ ድረስ ከመስኮቱ አልተነሣንም። ያ ቁጥር ኋላ ላይ ከሌላው ሰነድ ሁሉ በላይ ጠቅሞናል።

በ26ኛው ቀን «ጉዳዩ በጥናት ላይ ይገኛል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ይህ ውሳኔ ነው ወይስ አይደለም? ውሳኔ ከሆነ 60 ቀኑ ከዚያ ዕለት ይጀምራል፤ ካልሆነ ከ30ኛው ቀን በኋላ። ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ ቀድሞ ከሚያልቀው ለመቁጠር ተስማማን። ክሱንም ወዲያው መጻፍ ጀመርንና ረቂቁን «ለመረጃ ያህል» ብለን ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ቅጂ ሰጠን። በሳምንቱ የጋራ የመስክ ጉብኝት ተጠራ።

ከዚህ ሁሉ ሥራ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ያ ዕለት ነው። ከአምስት መሥሪያ ቤቶች የመጡ ሰዎች ሙሌቱ ላይ ቆመናል፤ አልሚውም አለ። አንድ ባለሙያ ጫማውን መሬቱ ላይ እየመታ «ይኸው፣ ደረቅ መሬት ነው፤ ምኑ ነው ረግረግ?» አለ። ከአጥማጆቹ በዕድሜ የገፉት ሰው ምንም አልመለሱለትም። ዶማና አካፋ ይዘው መጥተው ነበር። ከሙሌቱ ጠርዝ ላይ ገረጋንቲውን ገፍተው መቆፈር ጀመሩ። ክንድ ያህል ሲወርዱ ቀዩ አፈር አለቀና ጥቁር ጭቃ ወጣ፤ ሽታው ሁላችንንም መታን። ከጭቃው ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል የፊላ ሥር ጎትተው አወጡ። አራት ወር ገደማ ተቀብሮ ጫፉ ገና ነጭና ለስላሳ ነበር፤ አንድ ቡቃያም አውጥቶ ወደ ላይ ለመውጣት ተጣምሟል። ከሥሩ ጋር ትንንሽ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ተያይዘው ወጡ።

«ልጄ፣» አሉት ባለሙያውን፣ «ይኼ በደረቅ መሬት ይበቅላል?»

ባለሙያው ተንበረከከና ሥሩን በእጁ ያዘው። መምህርቷ ፊላ የሚበቅለው ውሃ ለረጅም ጊዜ በሚተኛበት አፈር እንደሆነ አስረዳች። ከዚያ ሽማግሌው ሁላችንንም ይዘውን ጥቂት ወደ ኋላ ተመለሱና አንድ የሾላ ዛፍ አሳዩን። ግንዱ ላይ ከጉልበት ከፍ ብሎ የውሃ ምልክት ዙሪያውን ይታያል፤ ከምልክቱ በታች ቅርፊቱ ቀለሙ የተለየ ነው። ቀያሹ መሣሪያቸውን ተክለው ከፍታውን ለኩ። ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ «ክፍት ደረቅ መሬት» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ረግረጋማ የሐይቅ ዳርቻ» ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያ አንድ ስርዝ ላይ የቆመ ነው።

የሠራው

በግንቦት የማቆሚያ ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ የተመሠረተው በአዋጅ 299/1995 ነው፦ ፈቃድ ሰጪው አካል የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ይሁንታ መኖሩን ሳያረጋግጥ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ስለዚህ ግምገማው እስኪቀርብ ሥራው ይቁም። አልሚው ፕሮጀክቴ ትንሽ ነው፣ ግምገማ አያስፈልገውም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ሆኖም የግምገማ መመሪያው ጉዳት በቀላሉ በሚደርስበት ስፍራ የሚሠራ ፕሮጀክትን በመጠኑ ሳይሆን በቦታው ይመዝነዋል። ቃለ ጉባኤው ደግሞ ቦታው ምን እንደሆነ ጽፏል።

በሾላው ላይ ባለው ምልክት ከፍታ 7 የሲሚንቶ ችካሎች ተተከሉ። የተከሏቸው ለዚሁ ሥልጣን ያላቸው የውሃ ባለሙያዎች ናቸው፤ እኛ ጉድጓድ በመቆፈር ረድተናል። በተከታዩ ጥቅምት ውሃው አራቱን አልፎ ሲተኛ ብዙ ሰው መጥቶ አየ።

ከአልሚው ጋር የደረስንበትም መልካም ነው። ግምገማው ሲዘጋጅ የሕዝብ አስተያየት መሰብሰብ ግዴታ ስለሆነ ከአጥማጆቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ካፍቴሪያውን ከችካሉ ወደ ኋላ ለመመለስ ተስማማ። እሱ ራሱ «ይህን ከሊዙ በፊት ቢነግሩኝ ስንት ብር ይተርፈኝ ነበር» ብሏል፤ ልክ ነው።

ያልሠራው

ሙሌቱ እንዲነሣ ጠይቀን ነበር፤ አልተነሣም። ያገኘነው ከሐይቁ ጋር የሚያገናኘው ውሃ እንዲከፈት ብቻ ነው። ማነው የሚከፍለው የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም፤ አልሚው በተሰጠኝ ፕላን ነው የሠራሁት ይላል፣ ፕላኑን የሰጠው አካል በጀት የለኝም ይላል። ከ120 እርምጃው አብዛኛው ዛሬም ገረጋንቲ ነው፤ ላዩ ላይ አረም በቅሎበታል። ሕጉ ከመደፋቱ በፊት ብርቱ ነው፤ ከተደፋ በኋላ ግን እጁ ይዝላል።

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 521 ለመሄድም ሞክረን ነበር፤ ከተፅዕኖ ግምገማ ጋር የተያያዙ ጥፋቶችን የሚመለከተው አንቀጽ ነው። አልሚው የያዘው ፈቃድ መንግሥት የሰጠው ስለሆነ የወንጀል ሐሳቡን፣ ማለትም ሆን ብሎ ማጥፋቱን፣ ማስረዳት እንደማይቻል ሲነገረን ተውነው። አሁን ሳስበው መሞከራችን ራሱ ጎድቶናል፤ ከእኛ ጋር ይሠሩ የነበሩ ሁለት ባለሙያዎች ፈርተው ራቁን።

ሦስተኛው ያልሠራው የራሳችን ረቂቅ ነው። ለቀበሌው የጨፌ አጠቃቀም መተዳደሪያ ደንብ አዘጋጀንና ለነዋሪው አነበብነው። አንዱ አንቀጽ «ከችካሉ ወዲያ ማንኛውንም ዕፅዋት መቁረጥ ክልክል ነው» ይል ነበር። ከኋላ የተቀመጡ እናት ተነሡ። «ገረጋንቲ የደፋነው እኛ ነን እንዴ? እኔ ከዚህ ጨፌ ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ አጭጄ ሸጬ ነው ለልጆቼ ደብተር የምገዛው፤ ካጨድኩት ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል፤ እነሱ የደፉበት ተመልሶ ይበቅላል?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንቀጹ ከሌላ አገር ናሙና የተቀዳ ነበር፤ የቀዳሁትም እኔ ነኝ። መምህርቷ እንዳስረዳችን፣ ሥሩን ሳይነቅሉ በየተራ ማጨድ ፊላና ቄጠማውን አይገድለውም፤ የሚገድለው ሙሌትና እሳት ነው። አዲሱን ረቂቅ ከአጫጆቹ ጋር ጻፍነው፤ በየትኛው ወር፣ ከየት እስከ የት እንደሚታጨድ እነሱ ናቸው የወሰኑት። እስካሁን አልጸደቀም፤ እነሱ ግን እየሠሩበት ነው።

ከችካሎቹ ሁለቱ በሌሊት ተነቅለዋል። ማን እንደነቀላቸው አልታወቀም። ቀያሹ የእያንዳንዱን መገኛ በቁጥር መዝግበው ለሦስት መሥሪያ ቤቶች ስላስገቡ በቦታቸው መመለስ አላስቸገረም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ባቱም ሆነ ባሕር ዳር፣ ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ሰው ከዚህ ጉዳይ የምነግረው መጀመሪያ ስለ ስሙ ነው። ሕዝቡ ጨፌ፣ ረግረግ፣ ፊላ ቦታ ይላል፤ ባለሙያው ውሃ አዘል መሬት ይላል፤ የመሬት ካርታው ክፍት ቦታ ይላል። መሬቱ በካርታው ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ሳያዩ ስለ ሕግ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። የከተማ ወሰን ከመስፋቱ በፊት ያሉትን ረግረጎች ዘርዝሮ በመዋቅራዊ ፕላኑ ውስጥ በስማቸው ማስገባት፣ ገጠር ሳሉ የነበራቸውን ጥበቃ ይዘው እንዲገቡ ያደርጋል። ይህን በሕግ ማሻሻያ ሐሳባችን ውስጥ አንደኛ አድርገን አቅርበነዋል፤ ዳርቻው የሚለካበት ወቅት በመመሪያ ይወሰን የሚለው ሁለተኛው ነው።

ሌላው ስለ ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው በር ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ያለው ነው። አሁን ከአጥማጆቹ አንዱ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ የሊዝ ጨረታ ማስታወቂያዎችን ያነባል፤ ሐይቅ ዳር የሆነ ቦታ ሲያይ ይደውልልኛል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ደውሏል። አንደኛው ቦታ ጨረታው ሳይከፈት ተነሥቷል፤ እዚያ ቦታ ላይ ክስ አልጻፍንም፣ ጉድጓድም አልቆፈርንም፤ የወጣን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ማስረጃን በተመለከተ፣ ውድ መሣሪያ አልነበረንም። አካፋ፣ የዛፍ ግንድ፣ ቀን ያለበት ፎቶና የአካባቢውን ውሃ ለአርባ ዓመት ያዩ ሽማግሌ ነበሩን። እነዚህን ቃለ ጉባኤ ውስጥ ማስገባት ግን ሥራ ነው፤ ሽማግሌው የተናገሩት በጽሑፍ ካልሰፈረና ካልተፈረመበት ጉብኝቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ያልፈታነው ትልቁ ነገር ከላይ ነው። የእኛ ችካሎች የሚጠብቁት በሐይቁ አንድ ጎን ያለችን ቁራሽ ብቻ ነው፤ ደለሉ የሚመጣው ከጨለለቃ ማዶ ነው። እዚያ አንድ ረግረግ ሁለት ክልል ይነካል፤ አንዱ ጋ የቆመው ቁፋሮ ሌላው ጋ ሊቀጥል ይችላል። ባለፈው በጋ በኦሮሚያ በኩል ካሉ ሁለት ገበሬዎች ጋር ተገናኝተን ቦይ ወጥቶ በደረቀው ጠርዝ ላይ አብረን ቆፍረናል። ክንድ ተኩል ላይ ጥቁሩ ጭቃ ወጣ። ፎቶው፣ ቀኑና የሁለቱም ወገን ፊርማ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ አቤቱታው ለሁለቱም ክልሎች የአካባቢ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቀን እንዲገባ እየተዘጋጀ ነው።